ከኸዋሪዝሚ መጽሐፍ የቀረው ግማሽ

 

ዛሬ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ስለሚባለው ነገር በሬዲዮም በቴሌቪዥንም ሳይወራ የሚያልፍ ቀን የለም። አንዱ ዓለምን ከበሽታና ከድህነት ይገላግላታል ይላል፤ ሌላው የሰውን እንጀራ ነጥቆ፣ ቆይቶም ሰውን ራሱን ይገዛዋል ይላል። ወጣቶቻችን ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቁ በእጅ ስልካቸው ጥያቄ እየጻፉ መልሱን ይቀበላሉ። በዚህ ጽሑፍ ስለ መጪው ዘመን ትንቢት አንናገርም፤ የነገን የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። የምናደርገው ወደ ኋላ መለስ ብሎ ነገሩ ከየት እንደተነሳና በምን መንገድ እዚህ እንደደረሰ መመልከት ነው። የሚያሰጋንም ሆነ ተስፋ የሚሰጠን ነገር በታሪኩ ውስጥ አሻራውን ትቷልና። (የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የባግዳዱ ዓሊም

ማሽኖቹ የሚመሩበት የስሌት ቅደም ተከተል «አልጎሪዝም» ይባላል። ብዙ ሰው ቃሉ ከፈረንጅ አገር የመጣ ይመስለዋል። ቃሉ ግን የአንድ ሙስሊም ዓሊም ስም ነው። ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ከ780 እስከ 850 አካባቢ የኖረ ሲሆን፣ በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን (ከ813 እስከ 833) ባግዳድ ውስጥ ይሠራ ነበር። ስለ ህንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም፣ ስሙ በላቲኖቹ አፍ «አልጎሪትሚ» ሆነ። ከጊዜ በኋላ የሰውየው ስም የስሌቱ ስም ሆኖ ቀረ።

ሌላው ታዋቂ መጽሐፉ በ820 አካባቢ የተጻፈው «አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ» ነው። «አልጀብራ» የምንለው የሒሳብ ትምህርት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ለመሆኑ ኸዋሪዝሚ ይህን መጽሐፍ ለምን ጻፈው? በመግቢያው ላይ ራሱ እንደገለጸው ሰዎች ውርስ ሲካፈሉ፣ ኑዛዜ ሲፈጽሙ፣ በድርሻ ሲካሰሱ፣ ሲነግዱ፣ መሬት ሲለኩና ቦይ ሲቆፍሩ እንዲያገለግላቸው ነው። የመጽሐፉ ግማሽ ያህል የሚሆነውም ስለ ኑዛዜና ስለ ውርስ አከፋፈል የሚናገር ነው።

ነገሩን ልብ የሚያሰኘው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1145 ሮበርት ዘቼስተር የተባለ እንግሊዛዊ በስፔኗ ሴጎቪያ መጽሐፉን ወደ ላቲን መለሰው። ጥቂት ቆይቶ የክሬሞናው ጄራርድ በቶሌዶ ሌላ ትርጉም አዘጋጀ። አውሮፓ አልጀብራን የተማረችው ከእነዚህ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የተረጎሙት የፊተኛውን የስሌት ክፍል ነበር። የውርሱ ክፍል ሳይተረጎም ቀረ። ይህ በክፋት የተደረገ ነው አንልም፤ የእነሱ አገር የውርስ ሕግ ሌላ ስለነበር ክፍሉ የሚጠቅማቸው አልመሰላቸው ይሆናል። ሆኖም ውጤቱ ይኸው ነው፦ ስሌቱ ባሕር ተሻገረ፤ ስሌቱ የተፈለገበት የሰው ሐቅ ግን እዚያው ቀረ።

ሒሳቡ ትክክል፣ ፍርዱ በደል

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መድረሳ ውስጥ የሚያስተምር ሰው ነውና ነገሩን በፈራኢድ ትምህርት ምሳሌ ማስረዳት ይቀለዋል። አንድ ሰው ሚስቱን፣ አንድ ወንድ ልጁንና አንዲት ሴት ልጁን ትቶ ሞተ እንበል። ንብረቱን 72 ቦታ ብንከፍለው ሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ማለትም 9 ታገኛለች። ከቀረው 63 ወንድ ልጁ 42፣ ሴት ልጁ 21 ይወስዳሉ። ደምሩት፤ 72 ይመጣል። ከዚህ ስሌት ላይ አንዲት ስሕተት የሚያወጣ ሰው የለም።

ነገር ግን የሟች እናት በገጠር በሕይወት አሉ። አሮጊት ናቸው፤ የልጃቸውን መርዶ ገና አልሰሙም፤ ስማቸውንም ያነሳ አልነበረም። የእሳቸው ድርሻ አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም 12 ነው። ትክክለኛው ክፍፍል እናት 12፣ ሚስት 9፣ ወንድ ልጅ 34፣ ሴት ልጅ 17 ነበር። እንግዲህ በፊተኛው ስሌት ከአያትየው 12 ድርሻ 8ቱ በወንድ ልጁ፣ 4ቱ በሴት ልጁ እጅ ገብቷል ማለት ነው። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ፍርዱ ግን በደል ነበር።

ስለዚህ ነው ሸይኾቻችን ደረሳውን ቁጥር ከማስነካታቸው በፊት እንዲጠይቅ የሚያስተምሩት። ወራሾቹ እነማን ናቸው? ያልተጠራ አለ ወይ? ዕዳው ተከፍሏል ወይ? ኑዛዜ አለ ወይ? ክፍፍሉን ፈርሞ ኃላፊነቱን የሚሸከመውስ ማነው? እነዚህን ጥያቄዎች ያዙልን። ከዚህ በታች የምንተርከው ታሪክ ሁሉ የእነዚህ ጥያቄዎች ታሪክ ነው።

በሽመናው ዘመን ያልተጠሩት

ራሱን የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ የመሥራት ጥበብ ጥንትም ነበር። አል-ጀዘሪ በዲያርበክር ከተማ ለአርቱቂያ ገዢዎች ሲያገለግል ቆይቶ በ1206 በጨረሰው መጽሐፉ፣ በውኃ የሚሠሩ ሰዓቶችንና የእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚያቀርቡ የሰው ምስሎችን አሠራር ከነሥዕሉ አስቀምጧል። ያን ጊዜ ግን እነዚህ መሣሪያዎች የቤተ መንግሥት ጌጥ ነበሩ፤ የማንንም እንጀራ አልነኩም።

እንጀራ የተነካው በኋላ ነው። በ1804 ፈረንሳዊው ዣካርድ በተበሳ ካርቶን እየታዘዘ ጥለት የሚያወጣ የሽመና መሣሪያ ሠራ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ባቤጅ ይህንኑ የካርቶን ዘዴ ወስዶ ሒሳብ የሚሠራ ማሽን ነደፈ። ስለዚህ ማሽን በ1843 ማብራሪያ የጻፈችው ኤዳ ላቭሌስ ማሽኑ ከራሱ አዲስ ነገር እንደማያመነጭና የሚሠራው እኛ ማዘዝ የምንችለውን ብቻ እንደሆነ አስገንዝባ ነበር።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ከ1811 እስከ 1816 «ሉዳይት» የተባሉ ሠራተኞች ማሽኖችን በመዶሻ ሰበሩ። ዛሬ ስማቸው የሚጠራው እንደ ማይም የሥልጣኔ ጠላት ነው። እነሱ ግን በሙያቸው የተካኑ፣ ማሽን ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱ ሰዎች ነበሩ። አቤቱታቸው ባለሀብቶቹ በማሽኑ ሰበብ ደመወዝ አወረዱ፣ ሙያ ያለውን ሠራተኛ አባረው በርካሽ ጉልበት ተኩ የሚል ነበር። የተሰጣቸው መልስ ምን ነበር? ፓርላማው በ1812 ማሽን የሰበረ በሞት እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። በጥር 1813 በዮርክ ከተማ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

በሂደት ጨርቅ ረከሰ፤ የልጅ ልጆቻቸውም ከእነሱ የተሻለ ኖሩ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ትርፉ ሲከፋፈል የዚያን ትውልድ ሸማኔ ስሙን የጠራው የለም። ዛሬም ጸሐፊው፣ ተርጓሚውና ሒሳብ ሠራተኛው የሚጠይቁት ከዚህ የተለየ አይደለም። ማሽኑ ሥራውን ካቀለለ ትርፉን ማን ይወርሳል? ይህን የሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን የማሽኑ ባለቤትና የአገር ሕግ ነው።

ከዳርትማውዝ እስከ ዘመናችን

በ1950 እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግ ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ የሚለውን ጥያቄ አንስቶ የመፈተኛ ዘዴ አቀረበ። በ1956 ክረምት ደግሞ በአሜሪካ በዳርትማውዝ ኮሌጅ ጥቂት ምሁራን ተሰበሰቡ። ስያሜውን ያወጣው ጆን ማካርቲ ከነጓደኞቹ በጻፈው የድጋፍ ጥያቄ 10 ሰዎች በ2 ወር ጥረት ትልቅ እርምጃ እንደሚያሳዩ ተስፋ አድርጎ ነበር። ነገሩ ግን ለአሠርት ዓመታት ሲነሳና ሲወድቅ ኖረ። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ማሽን የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን የነበረውን ካስፓሮቭን አሸነፈ፤ በ2016 አልፋጎ የተባለው ሊ ሴዶልን በጎ ጨዋታ 4 ለ 1 ረታ። በኅዳር 2022 ማብቂያ ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ሲቀርብ ነገሩ ከምሁራን ክፍል ወጥቶ በየሰው እጅ ገባ።

በዚህ መሐል አንድ ትልቅ ለውጥ ተካሂዷል። የቀድሞው ማሽን ሕጉን አንድ በአንድ ሰው ይጽፍለት ነበር። የዛሬው ግን ከብዛት ይማራል። ሰዋስው ሳይማር በጆሮው ብቻ ቋንቋ እንደሚለምድ ሕፃን፣ እጅግ ብዙ ጽሑፍና ሥዕል ይሰጠውና ከመካከሉ የሚደጋገመውን ፈልጎ ይይዛል። ስለዚህ የተሰጠውን ያውቃል፤ ያልተሰጠውን አያውቅም። የቀረችው አያት ነገር እዚህ ላይ ተመልሳ ትመጣለች።

ጥቅሙን መካድ ግን በደል ይሆናል። አልፋፎልድ የተባለው ሥራ ተመራማሪዎች ዓመታት የሚፈጅባቸውን የፕሮቲን ቅርጽ ጥናት አቅልሎ፣ ወደ 200 ሚሊዮን የሚጠጉ ፕሮቲኖችን ቅርጽ ተንብዮ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። ሁለቱ መሪዎቹ ከሌላ ተመራማሪ ጋር የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በዚያው ዓመት የፊዚክሱን ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ጄፍሪ ሂንተን ነው። እኚህ ሰው የዚህ ጥበብ አባት ከሚባሉት አንዱ ሲሆኑ፣ በ2023 ጉግልን የለቀቁት ስለ አደጋው በነፃነት ለመናገር እንደሆነ አስታውቀዋል። ሠሪው ራሱ ከፈራ እኛ ቆም ብለን ማሰባችን አይበዛም።

ያልተቆጠሩት

በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ አንድ ጥናት አወጡ። ፊትን አይቶ ወንድ ወይም ሴት ብሎ የሚለይ የሦስት ኩባንያዎችን ማሽን ፈተኑ። ነጣ ያለ ቆዳ ባላቸው ወንዶች ላይ የተገኘው ትልቁ ስሕተት ከ100 አንድ እንኳን አልሞላም፤ 0.8 ነበር። ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሴቶች ላይ ግን ከ100 እስከ 34.7 ደረሰ። ማሽኑ ዘረኛ ሆኖ አልተወለደም። እንዲህ ያሉ ማሽኖች የሚሠለጥኑባቸውና የሚፈተኑባቸው ሥዕሎች በአብዛኛው የነጮች፣ ይልቁንም የወንዶች ስለሆኑ ነው። ጥቁሯ ሴት ውርሱ ሲከፈል ያልተጠራችው አያት ናት።

ሁለተኛውን ምሳሌ ከሆላንድ እናምጣ። በዚያች አገር ልጆቻቸውን በማቆያ ለሚያውሉ ሠራተኛ ወላጆች መንግሥት ድጎማ ይሰጣል። የግብር መሥሪያ ቤቱ ከ2013 ጀምሮ አመልካቾችን በአጠራጣሪነት ደረጃ የሚያወጣ ስሌት ተጠቀመ። ከመመዘኛዎቹ አንዱ ሰውየው የሆላንድ ዜግነት ያለው መሆን አለመሆኑ ነበር። ስሌቱ የጠረጠረውን ሰው ፋይል የሚመረምረው ሠራተኛ ለምን እንደተጠረጠረ አይነገረውም ነበር። ከስሌቱም በላይ ሕጉና አሠራሩ ጨካኝ ስለነበሩ፣ በትንሽ የፎርም ጉድለት ድጎማው ሙሉ በሙሉ እየተቋረጠ ቤተሰቦች የዓመታት ገንዘብ መልሱ ተባሉ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወላጆች ያለ ጥፋታቸው አጭበርባሪ ተደረጉ፤ ብዙዎቹ የቱርክና የሞሮኮ ተወላጆች ነበሩ። ትዳር ፈረሰ፤ ቤት ተሸጠ። ከተጎዱት ቤተሰቦች ከ1 ሺህ በላይ ልጆች ከቤታቸው ተወስደው እንደነበር የአገሪቱ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ገልጿል። በጥር 2021 መንግሥቱ በዚሁ ጉዳይ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ሦስተኛው የአውስትራሊያ ነው። ይህኛው ረቂቅ ማሽን እንኳን አልነበረም፤ ማካፈል ብቻ ነው። መንግሥት የድሆችን የዓመት ገቢ ወስዶ ለ26 ሁለት ሳምንታት እኩል አካፈለው። ለምሳሌ አንድ ሰው ግማሹን ዓመት ሠርቶ 26 ሺህ ዶላር አገኘ፤ ሌላውን ግማሽ ሥራ ፈትቶ በመንግሥት እርዳታ ኖረ እንበል። ማሽኑ ሲያካፍለው በየሁለት ሳምንቱ 1 ሺህ ዶላር ይመጣል። ስለዚህ «ሥራ የለኝም ስትል ገቢ ነበረህ፤ ዋሽተሃል፤ መልስ» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። ማካፈሉ ልክ ነው፤ ክሱ ሐሰት ነው። በ2019 አሠራሩ ሕገ ወጥ መሆኑ ታመነ፤ በ2020 መንግሥት ወደ 470 ሺህ የሚጠጉ ዕዳዎችን እንደሚመልስ አስታወቀ። ደብዳቤው ደርሷቸው ራሳቸውን ያጠፉ ወጣቶች እናቶች ግን የሚመለስላቸው ነገር አልነበረም።

ውድ አንባቢ ሆይ! በእንዲህ ያለ ጊዜ ተበዳዩ ሲጠይቅ ለመስጠት የሚቀል መልስ አለ፦ «ኮምፒዩተሩ ነው ያወጣው።» ይህን ቃል በእኛም አገር ቢሮዎች መስማት ጀምረናል። ኮምፒዩተር ግን ችሎት አይቆምም፤ ነገ በአላህ ፊትም አይጠየቅም። ተጠያቂው ሰው ነው።

ኢስናድ የሌለው ንግግር

አማርኛችን ለዚህ ጥበብ ያወጣለት ስም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «አስተውሎት» ማለት ልብ ብሎ፣ ግራ ቀኙን አይቶ መገንዘብ ነው። ጽሑፍ የሚጽፈው ማሽን ግን በመሠረቱ የሚያደርገው ካነበበው ብዙ ጽሑፍ ተነስቶ ቀጥሎ የሚመጣው ቃል የትኛው እንደሚሆን ማስላት ነው። ስለዚህ እውነትንም ሐሰትንም በአንድ ዓይነት የጠራ አንደበት ይናገራል።

በ2023 በኒውዮርክ የሆነው ትምህርት ይሁነን። ጠበቆች ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ጽሑፍ ውስጥ ማሽኑ የሰጣቸውን የቀድሞ ፍርዶች ጠቀሱ። ሲጣራ ስድስቱ ከነጭራሹ ያልነበሩ ሆኑ፤ የከሳሽና የተከሳሽ ስም ሳይቀር ተፈጥሮላቸዋል። ከጠበቆቹ አንዱ ፍርዶቹ እውነት መሆናቸውን ያንኑ ማሽን ጠይቆት «አዎን» ብሎት ነበር! ዳኛው 5 ሺህ ዶላር ቀጣቸው።

ሙስሊሞች ይህን በሽታ ከጥንት ያውቁታል። የሐዲስ ሊቃውንት ንግግሩ ስላማረ ብቻ አልተቀበሉም፤ «ከማን ሰማህ?» ብለው ጠየቁ። እያንዳንዱን ዘጋቢ በስሙ፣ በትውስታውና በታማኝነቱ መዘኑ። ለአንድ ሐዲስ የአንድ ወር መንገድ የተጓዘ አለ። ዛሬ ወጣቱ «እንዲህ ይላል ሐዲሱ» የሚል መልስ ከስልኩ አንብቦ ሲያሰራጭ፣ ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ሌሊት እያፈረሰ እንደሆነ ሊያውቅ ይገባል። ማሽኑ መጽሐፉን ለመፈለግ ይጠቅመው ይሆናል፤ መጽሐፉን ግን ራሱ ከፍቶ ማየት፣ ካልቻለም ዓሊም መጠየቅ አለበት።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መማር ነው። ሸሽቶ የሚመለጥ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2020 ለዚሁ ጥበብ ማዕከል አቋቁሟል፤ ልጆቻችን በዚያ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሆነው መቅረት የለባቸውም። የሒሳብ ትምህርት የዱንያ ነው ብሎ የሚያቃልል ካለ የኸዋሪዝሚን መጽሐፍ ይመልከት።

ሁለተኛ፣ ራስን ማስቆጠር ነው። ማሽኑ ያልተሰጠውን አያውቅም ብለናል። በወሎ በዐጀም የተጻፉት መንዙማዎች፣ በሐረር በየቤቱ የተቀመጡት በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ አዛውንቶቻችን በቃላቸው የያዙት ታሪክ ካልተጻፈና ካልተጠበቀ ነገ ስለ እኛ የሚጠየቀው ማሽን መልስ የሚሰጠው ሌሎች ስለ እኛ ከጻፉት ነው። በቅርባችን አንድ ሽማግሌ ካሉ ዛሬውኑ ተቀምጠን እንጻፍላቸው።

ሦስተኛ፣ የሠራውን ሰው ማሰብ ነው። በጥር 2023 ታይም መጽሔት እንደዘገበው ማሽኑን ከጸያፍ ነገር ለማጽዳት እጅግ የከፋ ጽሑፍ እያነበቡ ሲለዩ የነበሩት ኬንያውያን በሰዓት ከ2 ዶላር በታች ይከፈላቸው ነበር። ከማሽኑ ጀርባ ላብ አለ፤ የሠራተኛ ሐቅ ላቡ ሳይደርቅ መከፈል እንዳለበት የማያውቅ ሙስሊም የለም።

አራተኛና ዋናው፣ ኃላፊውን መጠየቅ ነው። በነሐሴ 2024 የጸናው የአውሮፓ ሕግ በሰው ኑሮ ላይ ከባድ ውሳኔ በሚያስከትሉ ማሽኖች ላይ የሰው ቁጥጥር እንዲኖር ያዛል። እኛም ሕግ እስኪመጣ ሳንጠብቅ የምንይዘው ልማድ አለ። በብድር፣ በሥራ ቅጥር፣ በፈተና፣ በእርዳታ ጉዳይ «ኮምፒዩተሩ ነው» ሲሉን፣ በጨዋ ደንብ «እሺ፤ ኮምፒዩተሩን የሚያዘው ማነው? ምን ቆጥሮ ነው እንዲህ ያለው? አቤት የምለውስ ለማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ከመካከላችን በቢሮ የተቀመጠ ካለም ውሳኔው ላይ ስሙን ሲጽፍ ድርሻው የጎደለባት አንዲት አያት በገጠር እንዳለች ያስብ።

ኸዋሪዝሚ ስሌቱን የጻፈው ለእሷ ነበር። ያ የመጽሐፉ ክፍል ገና በተግባር አልተተረጎመም።

ወላሁ አዕለም።